ሕክምናን በውጭ አገር ወይስ በአገር ቤት? ውሳኔው ከሙያ ፈቃዱ ሲነሣ

ሕክምና ለመማር ወደ ውጭ መሄድ ይሻላል ወይስ አገር ቤት መቅረት የሚለው ጥያቄ በአብዛኛው የሚመዘነው በትምህርት ቤቱ ስም፣ በክፍያውና በመግቢያ ውጤቱ ነው። ሦስቱም ሊታዩ የሚገባቸው ናቸው። ከሦስቱም በፊት መልስ የሚያስፈልገው ጥያቄ ግን ተማሪው ከተመረቀ በኋላ ሕሙማንን ማከም የሚፈልገው የት አገር ነው የሚለው ነው። በብዙ የትምህርት መስኮች የተመረቀ ሰው የትም ይማር የት፣ ቀጣሪው ካመነበት ሥራ ሊጀምር ይችላል። ሐኪም ግን ዲግሪውን ብቻ ይዞ አንድም ታካሚ ማከም አይፈቀድለትም፤ የሚሠራበት አገር ተቆጣጣሪ አካል የሙያ ፈቃድ ሊሰጠው ይገባል፣ ያ ፈቃድ ደግሞ በአብዛኛው ከሰጠው አገር ድንበር አያልፍም። በዚህ ምክንያት ውሳኔው ከትምህርት ቤቱ ሳይሆን ከፈቃዱ ተነሥቶ ወደ ኋላ እየተቆጠረ ሊሠራ ይገባዋል።

ወደ ኋላ ለመቁጠር መንገዱን ከዳር እስከ ዳር ማወቅ ያስፈልጋል። በአብዛኛው ዓለም የመጀመሪያው የሕክምና ዲግሪ ከሁለተኛ ደረጃ ትምህርት በኋላ ከ5 እስከ 7 ዓመት ይወስዳል። በአሜሪካ ግን ወደ ሕክምና ትምህርት ቤት የሚገባው በቅድሚያ ሌላ የኮሌጅ ዲግሪ ከተያዘ በኋላ ስለሆነ፣ «4 ዓመት» የሚባለው ትምህርት ከሁለተኛ ደረጃ ለሚነሣ ተማሪ በተግባር 8 ዓመት ነው። ከዲግሪው ጋር ተያይዞ ወይም ከእርሱ በኋላ በክትትል የሚሠራበት የኢንተርንሺፕ ጊዜ ይመጣል፤ ቀጥሎ የፈቃድ ፈተና፣ ከዚያም እንደ ስፔሻሊቲው ዓይነት ከ3 እስከ 7 ዓመት የሚዘልቅ ሬዚደንሲ የሚባል የስፔሻሊስትነት ሥልጠና ይኖራል። ተማሪዎች የሚቸገሩት ብዙ ጊዜ በየምዕራፉ ውስጥ ሳይሆን ከአንዱ ምዕራፍ ወደ ሌላው ሲሻገሩ ነው፤ በተለይ ሽግግሩ ከአገር ወደ አገር በሚሆንበት ጊዜ።

በዚህ ረገድ ብዙ ሰው የሚሳሳትበት የዕውቅና ጉዳይ ነው። «በዓለም ጤና ድርጅት ዕውቅና ያገኘ» የሚል ማስታወቂያ በየቦታው ይታያል፤ ነገር ግን የዓለም ጤና ድርጅት የሕክምና ትምህርት ቤቶችን አይመዝንም፣ ዕውቅናም አይሰጥም። ቀደም ባሉት ዓመታት የትምህርት ቤቶችን ስም የያዘ ማውጫ ያሳትም የነበረ ሲሆን፣ አሁን በሥራ ላይ ያለው የዓለም የሕክምና ትምህርት ቤቶች ማውጫ እ.ኤ.አ. በ2014 ሁለት የቀድሞ ማውጫዎች ተዋህደው የተመሠረተና ድርጅቱ የማያስተዳድረው ነው። በማውጫው ላይ መስፈር ትምህርት ቤቱ መኖሩን ያመለክታል እንጂ ስለ ጥራቱ አይመሰክርም፤ ማውጫው ራሱ ይህን በግልጽ ይናገራል። ስሙ የሌለበትን ትምህርት ቤት ግን መተው ይሻላል፣ ምክንያቱም በርካታ ፈቃድ ሰጪዎች ማመልከቻ ሲቀበሉ በቅድሚያ የሚያዩት እርሱን ነው።

ሁለተኛው የሚምታታው ስም የዓለም የሕክምና ትምህርት ፌዴሬሽን ነው። ፌዴሬሽኑ እ.ኤ.አ. በ1972 የተቋቋመ ሲሆን፣ እርሱም በቀጥታ ትምህርት ቤቶችን አይመዝንም፤ የሚመዝነው በየአገሩ ትምህርት ቤቶችን የሚመዝኑትን ተቋማት ነው። «ከፌዴሬሽኑ ዕውቅና አለን» የሚል ትምህርት ቤት ቢያንስ ነገሩን በትክክል አላስቀመጠውም፤ ትክክለኛው ጥያቄ ትምህርት ቤቱን የመዘነው የትኛው ተቋም ነው፣ ያ ተቋምስ በፌዴሬሽኑ የታወቀ ነው ወይ የሚል ነው። ጉዳዩ የወረቀት ጨዋታ ብቻ አይደለም። በአሜሪካ የውጭ አገር ምሩቃንን ሰነድ የሚያረጋግጠው ኢሲኤፍኤምጂ የተባለው ተቋም እ.ኤ.አ. በ2010 የትምህርት ቤቶች ዕውቅና ወሳኝ እንደሚሆን ማስታወቁ በብዙ አገሮች የሚገኙ መዛኝ ተቋማት ራሳቸውን ለፌዴሬሽኑ ምዘና እንዲያቀርቡ ገፋፍቷቸዋል። ይህ አገር ቤት ለመቅረት ያሰበንም ተማሪ ይነካል፤ ወደፊት ለስፔሻሊቲ ወደ ውጭ ለመውጣት የሚያስብ ከሆነ የአገሩ መዛኝ ተቋም የታወቀ መሆኑን ዛሬውኑ ማጣራት ይኖርበታል።

ተመርቆ ወደ አገሩ ለመመለስ ያሰበ ተማሪ የሚጠብቀው ሕግ ደግሞ የተማረበት አገር ሳይሆን የራሱ አገር ሕግ ነው። ብዙ ተማሪዎቿን ወደ ውጭ የምትልከው ሕንድ ለዚህ ጥሩ ማሳያ ናት። እ.ኤ.አ. በኅዳር 2021 የወጣው የሕንድ ብሔራዊ የሕክምና ኮሚሽን ደንብ፣ በውጭ የተማረ ዜጋ ትምህርቱ ከ54 ወር እንዳያንስ፣ በእንግሊዝኛ የተሰጠ እንዲሆን፣ 12 ወር ኢንተርንሺፕ በዚያው በተማረበት ተቋም እንዲሠራና ሲመለስ ሌላ 12 ወር በሕንድ እንዲደግም ያዝዛል። ከዚህም በላይ ምሩቁ በተማረበት አገር እንደዚያ አገር ዜጋ ሐኪም ሆኖ ለመመዝገብ የሚያበቃ ዲግሪ እንዲኖረው ይጠይቃል። ይህ የመጨረሻው አንቀጽ ለማንኛውም አገር ተማሪ ይጠቅማል፤ ለውጭ አገር ተማሪዎች ብቻ ተብለው የተከፈቱ፣ የአገሬው ልጆች የማይማሩባቸውና ምሩቃኑን እዚያው አገር እንኳ ለማሠራት የማያበቁ ፕሮግራሞች አሉ። በእኔ ግምት አንድን ፕሮግራም ለመመዘን ከሁሉ ፈጣኑ መንገድ የአገሬው ተማሪዎች በዚያው ክፍል፣ በዚያው ፈተና ይማራሉ ወይ ብሎ መጠየቅ ነው።

ኢንተርንሺፕን በተመለከተ ያለው ወጥመድ ጸጥ ያለ ስለሆነ ብዙዎች የሚያዩት ከወደቁበት በኋላ ነው። በብሪታኒያ የሕክምና ዲግሪ የያዘ ምሩቅ የሚያገኘው ጊዜያዊ ምዝገባ ነው፤ ሙሉ ምዝገባ የሚሰጠው ፋውንዴሽን የሚባለውን ከምረቃ በኋላ ያለ የሥራ ላይ ሥልጠና የመጀመሪያ ዓመት በሆስፒታል ሠርቶ ሲያጠናቅቅ ብቻ ነው። እንግዲህ ዲግሪውን እንደ ተቀበለ ወደ አገሩ የሚመለስ ተማሪ ከተማረበት አገር ሙሉ ፈቃድ ሳይዝ ይመለሳል ማለት ነው፤ የአገሩ ተቆጣጣሪ ያንን ፈቃድ የሚጠይቅ ከሆነ፣ ወይም በአገሩ የኢንተርንሺፕ ቦታ ቅድሚያ የሚሰጠው ለአገር ቤት ምሩቃን ከሆነ፣ ስሙ ዶክተር ሆኖ ያለ ሥራ ሊቀመጥ ይችላል። ሌሎች አገሮች ደግሞ ዲግሪውን በ5 ዓመት ሰጥተው ኢንተርንሺፑን ለዜጎቻቸው ብቻ ያደርጉታል። በመሆኑም «ስንት ዓመት ነው?» ከሚለው ጥያቄ ጋር «የመጨረሻው ዓመት የት፣ በማን ኃላፊነት፣ በምን ዓይነት ምዝገባ ይሠራል?» የሚለው አብሮ መጠየቅ አለበት።

የተማሪው ዓላማ መመለስ ሳይሆን በሌላ አገር መቅረት ሲሆን ስሌቱ ይለወጣል። እዚህ ላይ የሚዘወተረው ግራ መጋባት በአንድ አገር ተምሮ በሦስተኛ አገር ለመሥራት ማሰብ ነው፤ የትምህርቱ ወጪ አነስተኛ ወደ ሆነበት አገር ሄዶ ተምሮ፣ ከዚያ ወደ አሜሪካ ወይም ወደ ብሪታኒያ መሻገር። መንገዱ አለ፣ ብዙዎችም ተጉዘውበታል፤ ነገር ግን በዚህ ሁኔታ ውጭ መማሩ ብቻውን ከአገር ቤት ምሩቅ የሚያስቀድመው ነገር የለም። ወደ ብሪታኒያ የሚሄዱ የውጭ ምሩቃን በአብዛኛው ፕላብ የተባለውን ባለ ሁለት ክፍል ፈተና ይወስዳሉ፤ የመጀመሪያው ክፍል በ3 ሰዓት የሚሠሩ 180 ጥያቄዎች ያሉት የጽሑፍ ፈተና ሲሆን ሁለተኛው የተግባር ነው፤ ዲግሪው ከአገር ቤትም ይሁን ከሌላ አገር ፈተናው ያው ነው። በአሜሪካም ዩኤስኤምኤልኢ የተባሉት ፈተናዎች ለሁሉም አንድ ናቸው። የመጀመሪያው ደረጃ ፈተና ከጃንዋሪ 2022 ወዲህ በነጥብ መገለጹ ቀርቶ «አልፏል» ወይም «ወድቋል» ብቻ ስለሚባል፣ የሁለተኛው ፈተና ነጥብ ክብደቱ ጨምሯል።

ፈተናውን ማለፍ ግን ቦታ ማግኘት አይደለም። በአሜሪካ የሬዚደንሲ ቦታዎች የሚደለደሉት በየዓመቱ መጋቢት አካባቢ ውጤቱ በሚገለጸው «ማች» በሚባለው ሥርዓት ነው። እ.ኤ.አ. በ2024 በዚህ ድልድል ኤምዲ የተባለውን የሕክምና ዲግሪ ከሚሰጡት የአሜሪካ ትምህርት ቤቶች የመጨረሻ ዓመት ተማሪዎች መካከል 93.5 በመቶው የመጀመሪያ ዓመት ቦታ ሲያገኙ፣ የአሜሪካ ዜግነት ከሌላቸው የውጭ ትምህርት ቤት ምሩቃን መካከል ያገኙት 58.5 በመቶው ነበሩ። ይህ ቁጥር የሚናገረው ፈተናውን አልፈው፣ ሰነዳቸውን አሟልተው፣ በውድድሩ እስከ መጨረሻ ስለ ዘለቁት ነው፤ መንገድ ላይ የቀሩት አልተቆጠሩም። ቦታውን ያገኙትም ብዙ ጊዜ የሚገቡበት ጄ-1 የተባለው ቪዛ ሥልጠናው ሲያልቅ፣ ልዩ ፈቃድ ካልተገኘ በስተቀር፣ ለ2 ዓመት ወደ አገር መመለስን ያስገድዳል።

የአውሮፓ ኅብረት ሁኔታም እንዲሁ በጥንቃቄ ሊነበብ ይገባል። የኅብረቱ የ2005 (እ.ኤ.አ.) መመሪያ የሕክምና ትምህርት ቢያንስ 5 ዓመትና 5,500 ሰዓት እንዲሆን ይደነግጋል፤ ይህን ያሟላ ዲግሪም በሌሎች አባል አገራት በቀጥታ ይታወቃል። «በአንዱ ተማር፣ በሁሉም ሥራ» የሚለው የማስታወቂያ ቃል የተነሣው ከዚህ ነው። መመሪያው የተጻፈው ግን በመሠረቱ ለአባል አገራቱ ዜጎች ስለሆነ፣ ከኅብረቱ ውጭ ለመጣ ሰው በየአገሩ የተለየ ሥርዓት፣ የመኖሪያና የሥራ ፈቃድ ጥያቄም አብሮ ይከተለዋል።

ከሰነዱ ይልቅ ትምህርቱን ራሱን ለሚያስብ ሰው ትልቁ ጉዳይ ቋንቋ ነው። በእንግሊዝኛ የሚሰጡ የሕክምና ፕሮግራሞች እንግሊዝኛ በማይነገርባቸው አገሮች በርክተዋል፤ የመጀመሪያዎቹ ሁለት ሦስት ዓመታት አናቶሚ፣ ፊዚዮሎጂና ባዮኬሚስትሪ ስለሆኑ ችግሩ አይታይም። የሚታየው ዋርድ፣ ማለትም ሕሙማን የሚተኙበት የሆስፒታል ክፍል ሲገባ ነው። አንድ የጠዋት ራውንድ፣ ማለትም ሕሙማንን በየአልጋቸው የመጎብኘት ዙር እንውሰድ። ተማሪዎቹ አልጋውን ከበው ቆመዋል፤ ታካሚዋ ሕመሙ እንዴት እንደ ጀመራት ረዘም አድርጋ በራሷ ቋንቋ ትናገራለች፤ አስተማሪው ወደ ውጭ አገር ተማሪዎቹ ዞር ብሎ «የሆድ ሕመም፣ ሁለት ቀን ሆኗታል» ይላቸዋል። ሕመሙ እምብርት አካባቢ ጀምሮ ወደ ቀኝ የታችኛው ሆዷ መዛወሩ፣ ምግብ ያስጠላት እንደ ሆነ፣ ማስመለሱ ከሕመሙ በፊት ይሁን በኋላ መምጣቱ በዚያ አጭር ዐረፍተ ነገር ውስጥ የለም። የትርፍ አንጀት ሕመምን ከሌሎች የሆድ ሕመሞች ለመለየት የሚረዱት ግን እነዚህ ዝርዝሮች ናቸው፤ ተማሪው ሊሠለጥንበት የሚገባውም እነዚህን ጠይቆ ማውጣት ነው። መጽሐፉን በቃሉ ያጠና ሆኖም በራሱ አንደበት አንድም ታካሚ አነጋግሮ የማያውቅ ምሩቅ ወደ አገሩ ሲመለስ ድክመቱ በመጀመሪያው የድንገተኛ ክፍል አዳሩ ይገለጣል።

ስለዚህ እንዲህ ባለ አገር ለመማር የወሰነ ተማሪ የአገሩን ቋንቋ እንደ ትርፍ ጊዜ ትምህርት ሳይሆን እንደ ዋና የትምህርት ዓይነት ሊይዘው ይገባል። በራሳቸው ቋንቋ ብቻ የሚያስተምሩ አገሮች በዚህ በኩል ይሻላሉ ብዬ አምናለሁ፤ መግቢያው ይከብዳል፣ ዋርድ ሲደረስ ግን ተማሪው ሰሚና ተናጋሪ ሆኖ ይገኛል። የጀርመን የመንግሥት ዩኒቨርሲቲዎች ለምሳሌ ሕክምናን የሚያስተምሩት በጀርመንኛ ነው፤ በውጭ ተምሮ እዚያ ለመሥራት የሚያመለክት ሐኪምም የሕክምና ቋንቋ ፈተና ያልፋል፤ ታካሚን ያነጋግራል፣ ሪፖርት ይጽፋል፣ ከባልደረባ ሐኪም ጋር ስለ ታካሚው ይወያያል።

ከቋንቋ ቀጥሎ የሚመጣው ተማሪው የሚያያቸው በሽታዎች ዓይነት ነው። ሐኪም የሚያውቀው ያነበበውን ብቻ ሳይሆን ደጋግሞ ያየውን ነው። በሩማቲክ የልብ ሕመም ምክንያት የጠበበ ሚትራል የሚባለው የልብ ቫልቭ የሚያሰማው ድምፅ ዝቅ ያለ ጉርምርምታ ነው፤ ታካሚው በግራ ጎኑ ተኝቶ፣ የስቴቶስኮፑ ደወል የሚባለው ክፍል ከልቡ ጫፍ ላይ በስሱ ተቀምጦ ካልሆነ ያመልጣል። ሕመሙ በብዛት በሚገኝበት አገር የሚማር ተማሪ ይህን ድምፅ በአንድ ወር ውስጥ ብዙ ጊዜ ሊሰማ ይችላል፤ በበለጸጉ አገሮች ግን ሕመሙ እየጠፋ ስለ መጣ ከቀረጻ ብቻ ሰምቶት የሚመረቅ አለ። በአንጻሩ በዚያ የሚማረው የምስል መመርመሪያ መሣሪያዎችን፣ የተደራጀ የሕሙማን መዝገብንና በምርምር ላይ የተመሠረተ አሠራርን በየቀኑ ያያል። የትኛው ይበልጣል የሚለው መልሱ ያው የመነሻው ጥያቄ ነው፤ የሚያክመው ማንን ነው? ይህን በማየት ብዙ ልምድ ያላቸው ሐኪሞች የመጀመሪያውን ዲግሪ ሕሙማኑ ባሉበት፣ ስፔሻሊቲውን ወይም ከዚያ የጠበበውን ሰብ ስፔሻሊቲ መሣሪያው ባለበት መማርን ይመክራሉ፤ እኔም በዚህ ምክር እስማማለሁ።

ስለ ገንዘብ የሚደረገው ንግግር አብዛኛውን ጊዜ በዓመታዊ ክፍያው ላይ ይቆማል። በስሌቱ ውስጥ የማይገቡት ግን መኖሪያው፣ ኢንሹራንሱ፣ የቪዛ እድሳቱ፣ የፈቃድ ፈተናዎቹና ከምረቃ እስከ መጀመሪያው ደመወዝ ያለው ገቢ የሌለበት ጊዜ ናቸው፤ ይህ የመጨረሻው አንዳንድ ጊዜ ከዓመት ያልፋል። የምንዛሪ ለውጥም አለ። ቤተሰቡ ገቢውን በአገሩ ገንዘብ እያገኘ በውጭ ምንዛሪ ለ6 ዓመት የሚከፍል ከሆነ፣ የአገሩ ገንዘብ ዋጋው በግማሽ ሲወርድ ክፍያው በእጥፍ ይጨምራል፤ ይህ ደግሞ የሚሆነው ምናልባት ተማሪው አራተኛ ዓመት ላይ ሳለ ነው። ሕሙማንን እያዩ የሚማሩባቸው የክሊኒካል ዓመታት እየሠሩ ለመማር ጊዜ ስለማይሰጡ፣ ጉድለቱን በትርፍ ሰዓት ሥራ እሸፍናለሁ የሚለው ሐሳብ ብዙም አያስተማምንም።

የሚማሩበት አገር ራሱ ሊናወጥ እንደሚችልም ያለፉት ዓመታት አሳይተዋል። ቻይና እ.ኤ.አ. በ2020 በኮቪድ ምክንያት ድንበሯን ስትዘጋ ለዕረፍት ወደ አገራቸው የሄዱ የሕክምና ተማሪዎች እስከ 2022 አጋማሽ ድረስ መመለስ አልቻሉም፤ የክሊኒካል ትምህርትን በኮምፒዩተር መከታተልን ደግሞ የአንዳንዶቹ አገሮች ተቆጣጣሪዎች አልተቀበሉትም። በፌብሯሪ 2022 በዩክሬን፣ በኤፕሪል 2023 በሱዳን ጦርነት ሲነሣ በርካታ የውጭ አገር የሕክምና ተማሪዎች ትምህርታቸውን አቋርጠው ወጥተዋል። በሕክምና ከአንድ ትምህርት ቤት ወደ ሌላ መዛወር ከሌሎች የትምህርት ዘርፎች ይልቅ ከባድ ነው፤ ከላይ የተጠቀሰው የሕንድ ደንብም ትምህርቱ በሙሉ በአንድ ተቋም እንዲጠናቀቅ ይጠይቃል። ጦርነትን ማንም አስቀድሞ አያውቅም፣ ነገር ግን እያንዳንዱ የትምህርት ዓመት እንዳለቀ የውጤት ማስረጃን ማኅተም አስመትቶ ቅጂውን ቤት ማስቀመጥ የማንም አቅም የሚፈቅደው ጥንቃቄ ነው።

ነጻ የትምህርት ዕድል ሲገኝ የገንዘቡ ጥያቄ ይቀልላል፣ የግዴታው ጥያቄ ግን ይተካዋል። ኩባ እ.ኤ.አ. በ1999 የከፈተችው የላቲን አሜሪካ የሕክምና ትምህርት ቤት ከብዙ አገሮች የመጡ ወጣቶችን ያለ ክፍያ የሚያስተምር ሲሆን፣ ትምህርቱ በስፓኒሽ ነው፤ ምሩቃኑም ሐኪም ወደሌላቸው ማኅበረሰቦቻቸው ተመልሰው እንዲያገለግሉ ይጠበቃል። ሌሎችም ዕድሎች በተመሳሳይ የአገልግሎት ዓመታት ይታሰራሉ። ከመፈረም በፊት የአገልግሎት ዘመኑ የሚቆጠረው ከምረቃ ነው ወይስ ከስፔሻሊቲ በኋላ፣ ቢፈርስስ ምን ያህል ይከፈላል የሚለውን ማንበብ ያስፈልጋል።

ብዙውን ጊዜ በተማሪውና በትምህርት ቤቱ መካከል ኤጀንት አለ። ጥሩ ኤጀንት የለም ለማለት አይደለም፤ ነገር ግን አብዛኞቹ የሚከፈላቸው ላስገቡት ተማሪ ቁጥር ከትምህርት ቤቱ ስለሆነ፣ ተማሪው ተመርቆ ፈቃድ ማግኘት አለማግኘቱ በገቢያቸው ላይ ለውጥ አያመጣም። ከእነርሱ ቃል ይልቅ የሚያስተማምነው ተማሪው ሊሠራበት ላሰበው አገር ተቆጣጣሪ አካል የትምህርት ቤቱን ሙሉ ስም፣ ከተማውን፣ የፕሮግራሙን ርዝመትና የማስተማሪያ ቋንቋውን ጠቅሶ በጽሑፍ መጠየቅ፣ መልሱንም ቀኑ እንደ ተጻፈበት ማስቀመጥ ነው። ቀጥሎ የሚጠየቁት በቅርቡ የተመረቁ የራሱ አገር ልጆች ናቸው፤ ሁለተኛ ዓመት ላይ ያለ ተማሪ ስለ ካምፓሱ ይናገራል፣ ስለ ፈቃድ ፈተናው የሚያውቀው ግን ተመርቆ የተፈተነው ነው። ትምህርት ቤቱ ራሱ የትኛው ሆስፒታል እንደሚያሠለጥን፣ በአንድ ዋርድ ስንት ተማሪ እንደሚመደብና ከገቡት መካከል ስንቶቹ በጊዜው እንደ ተመረቁ ሲጠየቅ የሚያድበሰብስ ከሆነ ማድበስበሱ ራሱ መልስ ነው።

ይህ ሁሉ ተቆጥሮ ሲያበቃ የእኔ አስተያየት ወደ አንድ ወገን ያደላል። በአገሩ ዕውቅና ባለው ትምህርት ቤት ቦታ ያገኘና ወደፊት በአገሩ ለመሥራት ያሰበ ተማሪ የመጀመሪያ ዲግሪውን ለመያዝ ወደ ውጭ የሚሄድበት በቂ ምክንያት አይታየኝም። ይህም ቢሆን አገር ቤት ያለ ሁሉ ደህና ነው ማለት አይደለም፤ ከአስተማሪውና ከታካሚው ቁጥር በላይ ተማሪ የሚቀበል፣ አንድ አልጋ ዙሪያ ሃያ ሰው የሚያቆም ትምህርት ቤት አገር ቤትም አለ፤ ለውጭው የተነሡት ጥያቄዎች ሁሉ ለእርሱም ይነሣሉ። በውጭ አገር ለመቅረት ወስኖ የሚሄደው ደግሞ መማር ያለበት በተቻለ መጠን ሊሠራ በሚፈልግበት አገር በራሱ ነው፤ ሦስተኛ አገርን መሸጋገሪያ ማድረግ የሚያዋጣው ሌላ በር ሲጠፋ ብቻ ነው።

የሚከብደው በአገሩ ለጥቂት ነጥብ ቦታ ያጣው ተማሪ ጉዳይ ነው። እርሱ የሚመርጠው በአገር ቤትና በውጭ መካከል ሳይሆን ዘንድሮ ውጭ በመሄድና ለሚቀጥለው ዓመት እንደገና በመሞከር መካከል ነው። ቤተሰብ አንድ ዓመት መጠበቅን እንደ ትልቅ ኪሣራ ያየዋል፤ ከ10 ዓመት በላይ በሚወስድ ሥልጠና ውስጥ ግን አንድ ዓመት ትንሽ ነው፣ ያለ በቂ ማጣራት የተመረጠ ትምህርት ቤት ደግሞ በኢንተርንሺፕና በፈቃድ ፈተና ጥበቃ ብቻ ከዚያ በላይ ሊያስባክን ይችላል። ስለዚህ ዓመቱን ባዮሎጂና ኬሚስትሪ እያጠናከሩ፣ ሊሄዱበት የታሰበውን አገር ቋንቋ እየጀመሩ፣ ለተቆጣጣሪው አካል የተጻፈውን ደብዳቤ መልስ እየጠበቁ ማሳለፍ ይመረጣል። በሁለተኛው ሙከራም ቦታው ካልተገኘ ተማሪው የሚሄደው የተጣራ የትምህርት ቤት ስም፣ የተቆጣጣሪውን የጽሑፍ መልስና የቋንቋውን መሠረት ይዞ ይሆናል፤ መልሱ ከመድረሱ በፊት ግን የመጀመሪያው የምዝገባ ክፍያ መላክ የለበትም፣ ምክንያቱም ይህ ክፍያ በአብዛኛው የማይመለስ ነው።